የቤት ካሜራችሁ ሲሰረቅ ከየት ትጀምራላችሁ?

ሌባ ይይዛል ተብሎ የተሰቀለ ካሜራ ራሱ ተነቅሎ ሲሄድ ያናድዳል። ትንሽም ያስቃል። ንዴቱም ሳቁም ይቆይ። ቪዲዮው ይትረፍ አይትረፍ፣ ሌባው ይታወቅ አይታወቅ የሚለው ብዙ ጊዜ የሚወሰነው በመጀመሪያዎቹ ጥቂት ሰዓታት ነው፤ እነዚያን ሰዓታት ደግሞ አብዛኛው ሰው አዲስ ካሜራ ስንት ገባ እያለ ዋጋ ሲያጠያይቅ ያባክናቸዋል።

እውነቱን እንነጋገር ከተባለ ከሄደው ነገር ሁሉ ርካሹ ካሜራው ነው። አብሮት የሄደው ነው የሚያሳስበው፤ ሆዱ ውስጥ ያለው ሚሞሪ ካርድ፣ የዋይፋያችሁ ፓስወርድ፣ በሩን ቀን ከሌት የሚያይላችሁ ዓይን። ስለዚህ መጀመሪያ ቪዲዮውን አትርፉ፣ ቀጥላችሁ ኔትወርኩን ዝጉ፣ ከዚያ ወደ ፖሊስ ሂዱ። አዲስ ካሜራ መጨረሻ ላይ ይደርሳል።

ከዚህ ሁሉ የሚቀድም አንድ ነገር አለ። ካሜራው የጠፋው ገና አሁን ከሆነ፣ ወይም በርና መስኮት የተነካካ ከመሰላችሁ፣ ብቻችሁን ዘው ብላችሁ አትግቡ። ራቅ ብላችሁ ፖሊስ ጥሩ። ካሜራ የሚነቅል ሰው አንዳንዴ የሚፈልገው ካሜራውን ሸጦ ሳንቲም ማግኘት ነው፤ አንዳንዴ ግን ካሜራው ሲጠብቀው የነበረውን ነገር ነው የሚፈልገው፤ የትኛው እንደሆነ ደግሞ ከውጭ ቆሞ ማወቅ አይቻልም።

ከአፑ ላይ እንዳታጠፉት

ሰው ሲበሳጭ መጀመሪያ የሚያደርገው ይሄንን ነው። አፑን ይከፍታል፣ «ኦፍላይን» የሚል ያያል፣ ሌባው እንዳያየኝ ብሎ ካሜራውን ከአካውንቱ ያስወጣል። እባካችሁ አታድርጉት።

ለምን ካላችሁ፣ በብዙ አፖች ካሜራውን ከአካውንት ማስወጣት ማለት የቀዳውን ቪዲዮ ሁሉ አብሮ መደምሰስ ማለት ነው። ሪንግም ሆነ ጉግል ኔስት የሚባሉት የካሜራ ብራንዶች እንደዚያ ነው የሚሠሩት። ሌባው የወሰደው ካሜራውን ብቻ ሆኖ ሳለ ማስረጃውን በገዛ እጃችሁ ታጠፉለታላችሁ።

ሌላም ምክንያት አለ። እንደ ሪንግና ኢዝቪዝ ያሉ ካሜራዎች በእናንተ አካውንት ተመዝግበው እስካሉ ድረስ ሌላ ሰው በራሱ አካውንት ሊያስገባቸው ሲሞክር እምቢ ይላሉ። የመጀመሪያው ባለቤት መልቀቅ አለበት። ስለዚህ አካውንታችሁ ላይ ስታቆዩት ሌባው፣ ወይም ከሌባው የገዛው ሰው፣ የያዘው ሥራ የማይሠራ ፕላስቲክ ነው። ሁሉም ብራንድ ግን እንደዚህ ጨካኝ አይደለም፤ ቁልፏን ተጭኖ ሪሴት ያደረገ ሁሉ የራሱ የሚያደርገው ካሜራም ሞልቷል። ቢሆንም ማቆየቱ አይጎዳችሁም።

ቪዲዮው የት ነው ያለው?

እዚህ ላይ ትንሽ ቆም እንበል፤ ዋናው ነገር ያለው እዚህ ነው።

ክላውድ ላይ፣ ማለትም በኢንተርኔት በኩል ኩባንያው ኮምፒውተር (ሰርቨር) ላይ የሚቀመጥ ከሆነ ዕድለኛ ናችሁ። ሌባው ካሜራውን ኪሱ ከተተውም ሰበረውም፣ እስከዚያች ሰከንድ ድረስ የተላከው ቪዲዮ ሰርቨር ላይ ተቀምጧል። ችግሩ ለዘላለም አይቀመጥም። ወርሃዊ ክፍያ የማትከፍሉ ከሆነ ደግሞ ጊዜው በጣም ያጥራል፤ ለምሳሌ በ2021 የወጡት የጉግል ኔስት ካሜራዎች ያለ ክፍያ የሚያሳዩዋችሁ ያለፉትን 3 ሰዓታት ብቻ ነበር፤ ሌሊት ተሰርቆ ጠዋት ካያችሁት አለቀ ማለት ነው። ሪንግ ያለ ክፍያ ጭራሽ አያስቀምጥም፤ በቀጥታ ብቻ ነው የምታዩት። ሆምኪት የሚባለው የአፕል የቤት ዕቃዎች ሲስተም የሚያስቀምጠው 10 ቀን ነው። ስለዚህ «ማታ ስገባ አወርደዋለሁ» ማለት የለም። አሁኑኑ ዳውንሎድ አድርጉት።

አንዳንድ ካሜራዎች ቪዲዮውን የሚልኩት እንቅስቃሴው ካለቀ በኋላ ነው። ሽቦው መሃል ላይ ከተቆረጠ የመጨረሻው ቪዲዮ ላይኖር ይችላል። ያኔ የስልካችሁን ኖቲፊኬሽን እዩ፤ ቪዲዮው ባይኖርም እዚያ ላይ ትንሽዬ ፎቶ ቀርታ ልታገኙ ትችላላችሁ። በጣታችሁ ጠርጋችሁ ከማጥፋታችሁ በፊት ስክሪንሹት አንሱ። አፑ በሌላ የቤተሰብ ሰው ስልክ ላይም ካለ እሱም ኖቲፊኬሽኑን እንዳያጠፋ ደውላችሁ ንገሩት።

ሚሞሪ ካርድ ላይ ብቻ ከሆነ ሲቀዳ የነበረው፣ መቼም እውነቱ ይነገር፣ ካርዱ ከካሜራው ጋር ሄዷል። የቀራችሁ ከዚህ በፊት ወደ ስልካችሁ ያስቀመጣችሁት ካለ እሱ ብቻ ነው። የከፋው ደግሞ ሌላ ነው። ካርዱ ኢንክሪፕት ካልተደረገ፣ ማለትም በኮድ ካልተቆለፈ፣ ማንም ሰው አውጥቶ ኮምፒውተር ላይ ሰክቶ ቁጭ ብሎ ማየት ይችላል። ምን እንደሚያይ አስቡት። ጠዋት ስንት ሰዓት እንደምትወጡ። ማታ ማን ቀድሞ እንደሚገባ። ቤቱ ባዶ የሚሆነው የትኛው ቀን እንደሆነ። መለዋወጫ ቁልፍ ከአበባ ማስቀመጫ ሥር የምታስቀምጡ ከሆነ ጎንበስ ብላችሁ ስታስቀምጡት ካርዱ ላይ አለ። የበር ኮድ የምትነኩ ከሆነም ጣታችሁ የትኛው ቁጥር ላይ እንዳረፈ አለ። ስለዚህ ቁልፉን ዛሬውኑ ከዚያ አንሱት፣ ኮዱን ቀይሩት።

በዲቪአር ወይም በኤንቪአር፣ ማለትም ቤት ውስጥ በተቀመጠ ሪከርደር ከሆነ የሚቀዳው፣ ሪከርደሩ መኖሩን አረጋግጡ። ካለ ጥሩ ነው። ግን ሃርድ ዲስኩ ሲሞላ የድሮውን እያጠፋ አዲሱን ነው የሚጽፈው። ሌሎቹ ካሜራዎች መቅዳት ስለማያቆሙ የምትፈልጉት ቀን ቀስ እያለ ይጠፋል። ፍላሽ ሰክታችሁ የሚያስፈልገውን ቶሎ አውጡ።

ቪዲዮውን ስታዩ ምን ትፈልጋላችሁ?

ሁሉም ሰው የስርቆቷን ደቂቃ ደጋግሞ ያያል። ኮፍያ፣ ማስክ፣ ጨለማ። ምንም የለም ብሎ ይተወዋል።

ወደ ኋላ ሂዱ። ያለፉትን ቀናት እዩ። ሊነቅል ሲመጣ ፊቱን የሸፈነ ሰው ሊቃኝ ሲመጣ ሸፍኖ ላይሆን ይችላል። በሩ ጋ ቆሞ ስልክ የሚያናግር የመሰለ፣ አንገቱን ቀና አድርጎ ካሜራዋን ለአፍታ ያየ፣ ያለ ምክንያት ሁለት ጊዜ ያለፈ ሰው ካለ ያንን ቪዲዮ ከስርቆቱ ቪዲዮ እኩል አስቀምጡት።

ከዚያ ወደ ስርቆቷ ደቂቃ ተመለሱና በዝግታ እዩት፤ እያቆማችሁ፣ ምስል በምስል። እጁ ሲቀርብ ምስሉ ይነቃነቃል፣ መዳፉ ሌንሱን ይሸፍነዋል፣ ሁሉም ጥቁር ይሆናል። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ያቆማል። ካሜራው ግን ከግድግዳው ሲላቀቅ እጁ ውስጥ ይዞራል። በዚያች ቅጽበት ሌንሱ ከታች ወደ ላይ አገጩን፣ ጆሮውን፣ አንዳንዴ ሙሉ ፊቱን ሊያይ ይችላል። ግማሽ ሰከንድ ናት፤ በመደበኛ ፍጥነት አትታይም። የእጅጌው ቀለም፣ ሰዓት፣ ቀለበት፣ የጫማው ሶል፣ የተሸከመው ቦርሳ፣ ሲራመድ ያነክስ እንደሆነ፣ ሁሉንም ጻፉት።

ድምፁንም አትርሱ። ድምፅ ሁሌም ይረሳል። ሰውየው ጥቁር ለብሶ ሊመጣ ይችላል፤ ጓደኛው በስም ከጠራው ግን አለቀለት። ሞተር ሲነሳ፣ የመኪና በር ሲዘጋ፣ ስልክ ሲጮህ የመጣበትንና የሄደበትን አቅጣጫ ትገምታላችሁ። ጆሮ ላይ የሚደረግ ማዳመጫ አድርጋችሁ ስሙት።

ፋይሉን ስታስቀምጡ ኦሪጅናሉን አስቀምጡ። ቪዲዮው እየተጫወተ በሌላ ስልክ የቀረጻችሁት ማስረጃነቱ ደካማ ነው። በቴሌግራም ስትልኩት ደግሞ እንደ ቪዲዮ ከላካችሁት ይጨመቃል፣ ጥራቱ ይወርዳል፤ «ፋይል» የሚለውን መርጣችሁ ላኩት። አትቁረጡት፣ አታሳምሩት፣ ጽሑፍ አትጨምሩበት። ሁለት ቦታ ኮፒ ይኑራችሁ። የካሜራው ሰዓት ከትክክለኛው ሰዓት የሚለይ ከሆነ፣ ብዙ ጊዜም ይለያል፣ በስንት ደቂቃ እንደሚለይ ወረቀት ላይ ጻፉ። ካሜራው ያሳየውን ሰዓት ግን እንዳለ ተዉት።

ፓስወርዱን ከመቀየራችሁ በፊት አንድ ነገር እዩ

የዋይፋይ ፓስወርድ መቀየር ግዴታ ነው። ምክንያቱን ከታች እነግራችኋለሁ። ግን ከዚያ በፊት አፑን ክፈቱና ካሜራው «ኦንላይን» ይል እንደሆነ እዩ።

በባትሪ የሚሠራ ካሜራ ሲነቀል አይጠፋም። ዋይፋያችሁ እስከሚደርስበት ድረስ እንደተገናኘ ይቀጥላል። ተሰርቆ አንድ ሰዓት ካለፈው በኋላ ኦንላይን ከሆነ ትርጉሙ ግልጽ ነው፤ ካሜራው ሩቅ አልሄደም። የቤት ዋይፋይ የሚደርሰው ጥቂት አስር ሜትሮች ነው። ጎረቤት ቤት፣ ከአጥሩ ጀርባ፣ ቁጥቋጦ ውስጥ የተጣለ፣ የሆነ ቦታ አለ። ፓስወርዱን ቀድማችሁ ከቀየራችሁ ይሄን ፍንጭ በገዛ እጃችሁ ትቆርጡታላችሁ።

ኦንላይን ሆኖ ካገኛችሁት ስክሪንሹት አንሱ፤ ሰዓቱ እንዲታይ አድርጋችሁ። የሲግናሉን ጥንካሬ የሚያሳይ ከሆነ እሱንም። ከዚያ ለፖሊስ ደውሉ። ተነስታችሁ ጎረቤት በር ማንኳኳት እንዳታስቡ፤ ተሳስታችሁ ከሆነ ጠብ ነው፣ ትክክል ከሆናችሁ ደግሞ የባሰ ነው። በካሜራው የማታውቁትን ሰው ቤት ውስጥ ለረጅም ጊዜ እያዳመጡ መቆየትም በብዙ አገር በሕግ ያስጠይቃል።

በሲም ካርድ የሚሠራ የ4ጂ ካሜራ ከሆነ ነገሩ ይለያል። ሌባው ሲሙን እስኪያወጣው ወይም ባትሪው እስኪያልቅ ድረስ የትም ቢሄድ ኦንላይን ሊሆን ይችላል። መጀመሪያ ለፖሊስ ተናገሩ፣ ቀጥሎ የቴሌኮም ድርጅቱ ሲሙን እንዲዘጋው አድርጉ፤ አለበለዚያ ዳታውን ሌላ ሰው ይበላዋል። እንዲህ ያለ ካሜራ እንደ ስልክ አይኤምኢአይ የሚባል የራሱ መለያ ቁጥር አለው፤ ካርቶኑ ላይ ታገኙታላችሁ።

ቀጥሎ የራውተራችሁን ገጽ ክፈቱ። የተገናኙ ዕቃዎች ዝርዝር ላይ ካሜራው በስሙ ወይም በማክ አድሬሱ፣ ማለትም በኔትወርክ መለያ ቁጥሩ ይኖራል። ራውተሩ ሎግ የሚይዝ ከሆነ መጨረሻ የተገናኘበትን ሰዓት ታያላችሁ። ቪዲዮ ባይኖራችሁ እንኳ ስርቆቱ የተፈጸመበትን ሰዓት በደቂቃ የሚነግራችሁ ይሄ ሊሆን ይችላል፤ ጎረቤት ካሜራ ላይ ምን ሰዓት እንደምትፈልጉ ታውቃላችሁ ማለት ነው።

አሁን ኔትወርኩን ዝጉ

ካሜራው በራሱ ከዋይፋያችሁ ጋር መገናኘት እንዲችል ፓስወርዱን ሜሞሪው ላይ አስቀምጦታል። ርካሽ ካሜራዎች ላይ ብዙ ጊዜ ያለ ምንም መከላከያ ነው የሚቀመጠው። ፈትቶ፣ ቺፑ ላይ ሽቦ አገናኝቶ የሚያነብ ሰው አለ። ተራ ሌባ ይሄን አያደርግም፣ አልዋሻችሁም። ግን ቤታችሁን የሚያውቅ ሰው ፓስወርዱን ቢያገኘው በር ላይ ቆሞ ኔትወርካችሁ ውስጥ ይገባል፤ መቀየሩ ደግሞ 5 ደቂቃ ነው።

ስትቀይሩት ቤት ያለው ነገር ሁሉ፣ ቲቪው፣ ፕሪንተሩ፣ የቀሩት ካሜራዎች፣ በአንዴ ይቋረጣል። አትደንግጡ። የቀሩትን ካሜራዎች ቅድሚያ ሰጥታችሁ መልሷቸው፤ ዓይን አልባ የምትሆኑበት ጊዜ ይጠር። በዚሁ አጋጣሚ ራውተሩ የእንግዳ ኔትወርክ የሚፈቅድ ከሆነ ካሜራዎቹን ለብቻቸው እዚያ ላይ አድርጓቸው። ነገ ሌላ ካሜራ ቢሰረቅ የሚቀየረው የዚያ ፓስወርድ ብቻ ይሆናል፣ የእናንተም ላፕቶፕ ከዚያ አይታይም።

የካሜራ አፑን ፓስወርድም ቀይሩ፣ ሁሉንም ስልኮች ሎግ አውት የሚያደርገውን ተጫኑ፣ ሁለት ደረጃ ማረጋገጫውን አብሩ። ያው ፓስወርድ ኢሜይላችሁ ላይም ካለ፣ እንደሚኖር እገምታለሁ፣ እዚያም ቀይሩ።

አሁን ደግሞ ማንም የማይነግራችሁ አንድ ነገር። ካሜራው በኔትወርክ ኬብል የሚሠራ ከነበረ፣ ሌባው ቆርጦት ወይም ነቅሎት የሄደው ኬብል ግድግዳው ላይ ተንጠልጥሎ ቀርቷል። ጫፉን ተመልከቱት። ፕላስቲኳ መሰኪያ ሳትቆረጥ ካለች፣ ያ ኬብል ከቤታችሁ ውጭ የተዘረጋ የኔትወርካችሁ በር ነው። ማንም ላፕቶፕ ይዞ መጥቶ ቢሰካው የዋይፋይ ፓስወርድ አይጠየቅም። ሌላኛውን ጫፍ ከስዊቹ (ኬብሎቹ ከሚሰኩበት ሳጥን) ወይም ከሪከርደሩ ንቀሉት።

ሽቦው የኤሌክትሪክ ከሆነ በእጃችሁ አትንኩት። በኔትወርክ ኬብል የሚሄደው ወደ 48 ቮልት ነው፤ የበር ደወል ካሜራዎች ብዙዎቹ ከ16 እስከ 24 ቮልት ነው የሚጠቀሙት። ግን አንዳንድ ሰው ሙሉውን የቤት ኤሌክትሪክ ውጭ ድረስ ወስዶ አዳፕተሩን እዚያ ያስቀምጠዋል፤ ያ ከተቆረጠ ይገድላል። የቱ እንደሆነ ካላወቃችሁ ብሬከሩን አውርዱ፣ ኤሌክትሪሺያን ጥሩ።

ቤተኛ ሰውም ሊሆን ይችላል

ይሄን መጻፍ ደስ አይልም፤ ግን ይፈጸማል። አፑ ውስጥ ካሜራውን ማየት የተፈቀደላቸው ሰዎች ዝርዝር አለ። ክፈቱትና እዩት። ሥራ የለቀቀ ሰው፣ የተለያችሁት ሰው፣ ካሜራውን የገጠመላችሁ ባለሙያ እስካሁን እዚያ ሊኖር ይችላል። ካሜራው ከመጥፋቱ በፊት የሆነ ሰው መቅዳቱን ወይም ኖቲፊኬሽኑን አጥፍቶት ከነበረ አንዳንድ አፕ ላይ ይመዘገባል። ስርቆቱ ላይ ምንም መሰበር ከሌለ፣ ቪቴው በሥርዓቱ ተፈትቶ መሬት ላይ ከተቀመጠ፣ ከበስተጀርባ ካሜራው በማያይበት በኩል ከተመጣ፣ ሰውየው ቤቱን ያውቀዋል ብዬ ነው የምጠረጥረው። መጠርጠር ግን ማረጋገጫ አይደለም። ዝርዝሩን ስክሪንሹት አድርጋችሁ ለፖሊስ ስጡ፣ ከዚያ የማያስፈልገውን ሰው አስወጡ።

ጎረቤት፣ ፖሊስ፣ ኢንሹራንስ

ጎረቤት ጋ ከፖሊስ በፊት ብትሄዱ አልቃወምም፤ ምክንያቱም የእነሱም ካሜራ የድሮውን እያጠፋ ነው የሚጽፈው። ሄዳችሁ «ቪዲዮ አሳዩን» አትበሉ፤ ሰው ይከብደዋል። «ከዚህ ሰዓት እስከዚህ ሰዓት ያለውን አስቀምጡልን፣ ፖሊስ ይጠይቃችኋል» በሉ። መንገዱ ላይ ሱቅ ካለ፣ መኪና ውስጥ ካሜራ ያለው ሰው እዚያ የሚያቆም ከሆነ፣ እነሱንም ጠይቁ። በራችሁ ላይ የተገኘው ሰው ፊቱን ቢሸፍንም ሁለት መቶ ሜትር ሄዶ ሊገልጠው ይችላል።

የተነቀለበትን ቦታ ከመንካታችሁ በፊት ፎቶ አንሱ፤ ከሩቅም ከቅርብም። የቀረውን ማቀፊያ፣ የወደቀ ቪቴ፣ የተቆረጠ ሽቦ፣ የተረገጠ አፈር። የጣት አሻራ ሊኖር ይችላልና በጨርቅ አትወልውሉት።

ለፖሊስ ስትሄዱ የካሜራውን ብራንድና ሞዴል፣ ሲሪያል ቁጥሩን፣ ማክ አድሬሱን፣ ደረሰኙን፣ ቪዲዮውን በፍላሽ፣ የፈረሰውን ነገር ፎቶ ይዛችሁ ሂዱ። ሲሪያል ቁጥሩ የት እንዳለ ካላወቃችሁ ካርቶኑ ላይ፣ አፑ ውስጥ የካሜራው ሴቲንግ ላይ፣ ወይም ኦንላይን ከገዛችሁት የግዢው ኢሜይል ላይ ፈልጉ። የ40 ደቂቃ ቪዲዮ ሰጥታችሁ «እዩት» አትበሉ። በየትኛው ደቂቃ ምን እንደሚታይ በአንድ ወረቀት ጻፉላቸው። የሪፖርቱን ቁጥር ሳትቀበሉ አትውጡ፤ ከዚህ በኋላ ያለው ሁሉ እሱን ይጠይቃል።

«ለአንድ ካሜራ ብዬ ፖሊስ ጣቢያ ልንከራተት?» የሚል ሰው አውቃለሁ። ዋጋውን ካየን ልክ ነው። ግን በሳምንቱ ቤት ቢሰበር መጀመሪያ የተነቀለው ካሜራ የታሪኩ መጀመሪያ ነው፣ ያልተመዘገበ ከሆነ ደግሞ እንዳልተደረገ ይቆጠራል።

ለአምራቹም ጻፉ። እንደ ሪንግ ያሉ አንዳንድ ኩባንያዎች የፖሊስ ሪፖርት ለሚያቀርብ ደንበኛ የተሰረቀውን የሚተኩበት አሠራር አላቸው፤ እንደ አገሩና እንደ ደንበኝነቱ ዓይነት ስለሚለያይ የራሳችሁን ጠይቁ። ባይተኩላችሁም ሲሪያሉ የተሰረቀ መሆኑን እንዲመዘግቡ ለምኗቸው። የቤት ኢንሹራንስ ካላችሁ ስልክ ከመደወላችሁ በፊት በራሳችሁ የምትሸፍኑት መጠን ስንት እንደሆነ ውሉ ላይ እዩ። ብዙ ጊዜ እሱ ራሱ ከካሜራው ዋጋ ይበልጣል፤ ያኔ መጠየቁ ድካም ብቻ ነው። በር ተሰብሮ፣ ሌላም ዕቃ ሄዶ ከሆነ ግን አንድ ላይ ጠይቁ። ተከራይ ከሆናችሁ ለአከራያችሁ ንገሩ፤ የተሰበረው ግድግዳ የእናንተ ዕዳ እንዳይመስል።

የሌባውን ፊት ሶሻል ሚዲያ ላይ መለጠፍ ያጓጓል። እኔ ብሆን አልለጥፍም። የሚመስለው ሌላ ሰው ሊደበደብ ይችላል፣ በስም ማጥፋት ልትከሰሱ ትችላላችሁ፣ እሱ ደግሞ ዕቃውን ቶሎ ይሰውረዋል። ለፖሊስ ሰጥታችሁ እነሱ ለጥፉ ካሉ ያኔ ይለጠፋል።

ያገለገሉ ዕቃዎች የሚሸጡበት ገጽ ላይ ግን ሞዴሉን እየፈለጋችሁ ቆዩ። ያለ ካርቶን፣ ያለ አዳፕተር፣ ማቀፊያው የተሰበረ ካሜራ ከታየ ሊንኩንና ስክሪንሹቱን ለፖሊስ ላኩ። ገዢ መስላችሁ ልትቀበሉት ብቻችሁን አትሂዱ።

አዲሱን ስትሰቅሉ

እንዴት እንደሄደ ሳታውቁ ያንኑ ካሜራ እዚያው ቦታ መልሳችሁ አትስቀሉ። ሁለተኛውንም ለግሳችሁ ነው የምትመጡት።

ከፍታው ከ2 ሜትር ተኩል እስከ 3 ሜትር ቢሆን መሰላል የሌለው ሰው በቀላሉ አይደርስበትም። ከዚያ በላይ ግን ባትወጡ ይሻላል፤ የሚታያችሁ ኮፍያ ብቻ ይሆናል። ከፍ ያለው አጠቃላዩን ሲያይ በር ደወሉ ላይ ያለው ደግሞ ፊት ለፊት ቢያይ፣ ሁለቱም አንዱ ሌላውን የሚያይበት ቦታ ላይ ቢሆኑ፣ አንዱን ሊነቅል የመጣ ሰው በሌላው ይታያል። በእኔ እይታ አንድ ውድ ካሜራ ከመግዛት ሁለት መካከለኛ ገዝቶ እንዲህ ማድረግ ይበልጣል።

በተራ ካቻቪቴ የሚፈታ ቪቴ አትጠቀሙ። መሃሉ ላይ ትንሽ ጉብታ ያለው ባለ ኮከብ ራስ ቪቴ አለ፤ የራሱ መፍቻ ይፈልጋል፣ ዋጋውም ያን ያህል አይደለም። ቆራጥ ሌባን አያቆመውም። ግን አስር ሰከንድ የሚፈጀውን ሥራ ወደ ደቂቃዎች ያሳድገዋል፤ ካሜራ ፊት ለደቂቃዎች መቆም የሚወድ ሌባ የለም። ሽቦው ከካሜራው ጀርባ በቀጥታ ወደ ግድግዳው ይግባ፤ መውጣት ካለበት በብረት ቱቦ ውስጥ ይሂድ።

ቪዲዮው ሁለት ቦታ ይቀመጥ። ካርድም ክላውድም፣ ወይም ካርድም ሪከርደርም። ሪከርደሩን ቲቪው ሥር አታስቀምጡት፤ ሌባ ቤት ከገባ መጀመሪያ የሚያየው እዚያ ነው። የሚቆለፍ ቁም ሳጥን ውስጥ ይሻላል፤ እንዳይታፈን ግን አየር ይኑረው። ካርዱን ኢንክሪፕት የሚያደርግ ሴቲንግ ካለ አብሩት። ራውተሩ፣ ሪከርደሩና ካሜራዎቹ ትንሽ ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ የሚተካ ባትሪ) ላይ ቢሰኩ መብራት ሲቆረጥም ሆን ተብሎ ሲጠፋም ባትሪው እስኪያልቅ መቅዳት አይቆምም። የዋይፋይ ካሜራን በርካሽ መሣሪያ ከኔትወርክ ማስወጣት ይቻላል፤ ራውተሩም ካሜራውም ደብሊውፒኤ3 የሚባለውን አዲሱን የዋይፋይ መከላከያ የሚችሉ ከሆነ እሱን ምረጡ፣ ያንን ዘዴ ያከብደዋል። የሬዲዮ ሞገዱን ራሱን የሚያፍን መሣሪያ ከመጣ ግን መልሱ ኬብል ብቻ ነው።

ካሜራው ከመሰቀሉ በፊት ከጀርባው ያለውን ሲሪያል ቁጥር ፎቶ አንስታችሁ ለራሳችሁ ኢሜይል አድርጉት። ደረሰኙንም አብራችሁ። ከተሰቀለ በኋላ ያ ጽሑፍ ግድግዳው ላይ ተጣብቆ ነው የሚኖረው።

ሁሉም ካለቀ በኋላ አንድ ቀን ራሳችሁ ሌባ ሆናችሁ ሞክሩት። ኮፍያ አድርጉ፣ በጎን በኩል ኑ፣ ሽቦውን ንቀሉ። ከዚያ ስልካችሁን እዩ። ካሜራው ኦፍላይን ሆነ የሚል ኖቲፊኬሽን በስንት ደቂቃ ደረሰ? ፊታችሁ ይታወቃል? የመጨረሻዎቹ ሰከንዶች ካሜራው በሌለበት ከአፑ ላይ ይከፈታሉ? የማይከፈቱ ከሆነ አሁንም የሚቀዳው ካርዱ ላይ ብቻ ሊሆን ይችላል፤ ሴቲንጉን ሳታስተካክሉ መሰላሉን ወደ ቦታው አትመልሱት።